«ዌብሳይት በነጻ» የሚለውን ውል ከመፈረማችሁ በፊት

አነስተኛ ንግድ ላላችሁ ሁሉ። «ዌብሳይታችሁን በነጻ እንሠራለን፣ እናንተ በየወሩ ትንሽ ትከፍላላችሁ» የሚል ስልክ ከተደወለላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ለእኛም ተደውሎልናል። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም። ተመሳሳይ ወረቀት ይዘው የሚዞሩ ብዙ ስለሆኑ ከአንዱ ብታመልጡ ሌላው ያገኛችኋል።

ያሳዩን ናሙና ያምራል። ሻጩም ትሁት ነው፣ አፉ ይጣፍጣል። ውሉን ለማንበብ ጊዜ ስንጠይቀው ግን «ቅናሹ ዛሬ ያበቃል» አለ። እዚህ ጋ ነው መጠርጠር የጀመርኩት። ሳናነብ አንፈርምም ብለን ድርቅ ስንል በኢሜይል ላከው።

ጉዱ ያለው ከኋላ፣ በደቃቅ ፊደል ነው። ዶሜኑ፣ ማለትም የገጹ አድራሻ፣ በእነሱ ስም ይመዘገባል። ዲዛይኑ፣ ኮዱ፣ ለገጹ የተዘጋጀው ጽሑፍ ሁሉ የእነሱ ንብረት ነው። ውሉ ሦስት ዓመት ያስራል። በመሀል የሚወጣ ሰው የቀሩትን ወራት ክፍያ ባንዴ ይከፍላል። ማቋረጥ እንደሚፈልግ ከ90 ቀን በፊት በጽሑፍ ካላሳወቀ ደግሞ ውሉ በራሱ ይታደሳል። ኪራይ ነው እንግዲህ። ኪራይ በራሱ ነውር የለውም። ብዙ ሰው ሆስቲንግ፣ ማለትም ገጹ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር (ሰርቨር)፣ ተከራይቶ ወይም በወር የሚከፈልበት የዌብሳይት መሥሪያ ተጠቅሞ በሰላም ይሠራል። እኔን ያንገበገበኝ የዶሜኑ ነገር ነው።

ዶሜን ማለት ደንበኛ ብሮውዘሩ ላይ የሚጽፈው አድራሻችሁ ነው። በዓመት እየተከፈለ ይመዘገባል፤ ዶት ኮምን በአንድ ጊዜ እስከ 10 ዓመት መያዝ ይቻላል። ዶት ኮምና መሰሎቹ የሚመዘገቡት አይካን የሚባለው ድርጅት በሚያወጣው ደንብ ነው። በዚያ ደንብ በዶሜኑ ላይ የማዘዝ መብት ያለው መዝገቡ ላይ ስሙ የሰፈረው ሰው ነው። ገንዘቡን እኔ ነኝ የከፈልኩት ማለት በራሱ መዝገቡን አይቀይረውም። ወር በወር እየከፈላችሁ ስሙ የሌላ ሰው ከሆነ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

አደጋው ከገጹም ያልፋል። በዶሜኑ ስም የከፈታችኋቸው ኢሜይሎች አብረው ይሄዳሉ። የማኅበራዊ ሚዲያ ገጻችሁን፣ የክፍያ አካውንታችሁን በእነዚያ ኢሜይሎች ከፍታችሁ ከሆነ «ፓስወርድ ረሳሁ» ስትሉ ሊንኩ የሚላከው እዚያው ነው። ዶሜኑን የያዘ ሰው ደግሞ ኢሜይሉን ወደፈለገበት መምራት ይችላል። ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

ከእነሱ ጋር ይሠራ የነበረ አንድ ነጋዴ ፈልጌ አነጋገርኩ። ውሉ ሲያልቅ ዶሜኑን ስጡኝ ቢላቸው «የማስለቀቂያ» ብለው ከዓመታዊ የማደሻ ዋጋው ብዙ እጥፍ ጠየቁት። አልከፍልም አለ። እነሱም ሳያድሱት ቀሩ። ጊዜው ያለፈበት ዶት ኮም ወዲያው ለማንም አይለቀቅም። ከተሰረዘ በኋላ የ30 ቀን የመመለሻ ጊዜ አለው፤ ከዚያ 5 ቀን ቆይቶ ነው ክፍት የሚሆነው። በ30ው ቀን ውስጥ መመለስ የሚችለው ግን መዝገቡ ላይ ያለው ባለቤት ነው። ነጋዴው ደግሞ መዝገቡ ላይ የለም። ክፍት ሲሆንም አልደረሰበትም። እንዲህ ያለውን ዶሜን የሚጠብቁና በሰከንድ የሚያነሱ ፕሮግራሞች አሉ። አሁን በአሮጌው አድራሻው የቁማር ማስታወቂያ ይታያል። ቢዝነስ ካርዶቹ ላይ የታተመው ያው አድራሻ ነው።

ሻጩን «ዶሜኑን እኛ በራሳችን አካውንት እንግዛ፣ እናንተ ገጹን ሥሩ» ብንለው «ሲስተማችን አይቀበልም» አለን። ይህ ሰበብ ነው። ዶሜን አንድ ቦታ፣ ሆስቲንግ ሌላ ቦታ መሆን ይችላል። ዲኤንኤስ በሚባለው፣ ዶሜኑን ከሰርቨሩ ጋር በሚያገናኘው መዝገብ ላይ የሰርቨሩን ቁጥር ማስገባት ብቻ ነው የሚፈልገው፣ የደቂቃዎች ሥራ። ለውጡ በሁሉም ቦታ እስኪታይ ሰዓታት፣ ቢበዛ አንድ ሁለት ቀን ይፈጃል። አይቀበልም የሚል ሰው ወይ ሥራውን አያውቅም፣ ወይ ሊያስራችሁ ይፈልጋል።

የቀረው ጭማሪ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ልበለው። «የኤስኤስኤል ሰርተፍኬት» (በገጹና በጎብኚው መሀል የሚያልፈው መረጃ እንዳይጠለፍ የሚያመሰጥር) ብለው ለብቻው በየወሩ ያስከፍላሉ። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ተቋም ይህን ሰርተፍኬት በነጻ መስጠት ከጀመረ ቆየ፤ አብዛኛው ሆስቲንግም ያለ ክፍያ ይጭነዋል። «ጉግል ላይ አንደኛ እናወጣችኋለን» ይላሉ። ጉግል ራሱ አንደኝነትን ዋስትና የሚሰጥ ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ ብሎ ጽፏል። «የራሳችን ልዩ ሲስተም» ያሉትን ናሙና ሶርስ ኮዱን (ገጹ የተጻፈበትን ኮድ) ከፍቼ አየሁት፤ ዎርድፕረስ ነው። ዎርድፕረስ ከ2003 ጀምሮ ማንም በነጻ የሚያወርደው የዌብሳይት መሥሪያ ፕሮግራም ነው። ቢሠሩበት ምንም አይደለም፣ ጥሩ ምርጫም ነው። ልዩ ሲስተም ብሎ መሸጡ ግን ዓይን ያወጣ ነው።

ዌብ አፕ፣ ማለትም ደንበኛ በብሮውዘር ገብቶ የሚጠቀምበትን ፕሮግራም፣ ለምታሠሩ ነገሩ ይብሳል። ትዕዛዝ መቀበያም ሆነ ቀጠሮ መያዣ፣ ውስጡ የደንበኞቻችሁ ስምና ስልክ አለ። የዳታቤዙ (የእነዚህ መረጃዎች ማከማቻ) ቅጂ በጠየቃችሁ ጊዜ እንደሚሰጣችሁ፣ ሶርስ ኮዱም ክፍያ ሲያልቅ የእናንተ እንደሚሆን ውሉ ላይ ይጻፍ። በቃል «ችግር የለም፣ እንሰጣችኋለን» ማለት አይበቃም። ክፍያውን ከፋፍሉት። የመጨረሻውን ክፍል የአድሚን ፓስወርዱን ተቀብላችሁ፣ ገብታችሁ፣ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አውርዳችሁ ስታዩ ክፈሉ። ደህና ዴቨሎፐር በዚህ አይከፋም። እንዲያውም ደስ ይለዋል፣ በኋላ ጭቅጭቅ ይቀንስለታልና።

ቀድማችሁ ለፈረማችሁም መላ አለ። መጀመሪያ አይካን ድረ ገጽ ላይ ባለው የዶሜን መፈለጊያ አድራሻችሁን አስገቡ። የባለቤቱ ስም ብዙ ጊዜ ተሸፍኖ ነው የሚመጣው፤ የመዝጋቢው ድርጅት (ዶሜኑ የተገዛበት) ስምና የሚያበቃበት ቀን ግን ይታያል። በራሳችሁ ኢሜይል መዝጋቢው ጋ ገብታችሁ ዶሜኑን ማየት ካልቻላችሁ በእጃችሁ የለም ማለት ነው። ሳትጣሉ፣ ነገሩ ሰላም ሳለ፣ ወደ ስማችሁ እንዲዛወር በጽሑፍ ጠይቁ። ስሙ ከዞረላችሁ በኋላ ወደ ሌላ መዝጋቢ መውሰድ ብትፈልጉ የዝውውር ኮድ ያስፈልጋችኋል። በአይካን ደንብ መዝጋቢው ባለቤቱ በጠየቀ በ5 ቀን ውስጥ ሊሰጥ ይገባል። በቅርቡ የተመዘገበ ወይም የባለቤት ስም የተቀየረበት ዶሜን እስከ 60 ቀን ሊቆለፍ ስለሚችል ያን አስቀድማችሁ አስሉት። እስከዚያው ጽሑፉንና ፎቶዎቹን አውርዱ፣ ዋና ዋና አካውንቶቻችሁን ከዚያ ዶሜን ውጭ ወደሆነ ኢሜይል አዛውሩ። የማቋረጫ ማሳወቂያውን የመጨረሻ ቀንም ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት፤ እነሱ አያስታውሷችሁም።