የኤሊክሰር ናኖዌብ የቤዝ ጊታር ክሮች ከወራት በኋላ

ኤሊክሰር ናኖዌብ የተባሉትን የቤዝ ክሮች ከገጠምኩ ዘጠነኛ ወር ሆነኝ። ኒኬል የተለበጠ ብረት ናቸው፤ ውፍረታቸው ከ45 እስከ 105 የኢንች ሺህኛ። ጊታሩ በየሳምንቱ መጨረሻ መድረክ ላይ ነው፤ በመሀል ልምምድ አለ። ቀጫጭኖቹ ክሮች ዛሬም ጥርት ብለው ይጮኻሉ፤ ወፍራሙ ግን በቅርቡ መደንዘዝ ጀምሯል። ሽፋን በሌላቸው ክሮች ስጫወት ይህ መደንዘዝ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይመጣ ነበር።

ክር የሚደነዝዘው ስላረጀ ብቻ አይደለም። ላብ፣ የቆዳ ቅባትና አቧራ በጥምጥሙ፣ ማለትም በውስጠኛው ብረት ላይ በተጠመጠመው ሽቦ፣ ስንጥቆች ውስጥ ሲጠራቀሙ ጥምጥሙ እንደ ልቡ መንቀጥቀጥ ያቅተዋል፤ በመጀመሪያ የሚጠፉትም ለድምፁ ድምቀት የሚሰጡት ከፍተኛ ሃርሞኒኮች፣ ከዋናው ድምፅ በላይ አብረው የሚሰሙት ቀጫጭን ድምፆች፣ ናቸው። ለዝናብ ልብስ የሚውለውን ጎርቴክስን የሚያመርተው ጎር ኩባንያ ናኖዌብን የሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ስሱ የፖሊመር ሽፋን ክሩ ተጠምጥሞ ካለቀ በኋላ በሙሉ ስለሚለብሰው ቆሻሻው ወደ ስንጥቁ መግቢያ ያጣል።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚሰማው በችክችካ ነው። ከበሮው ዝቅተኛውን ድምፅ ይዞ ሲመታ የደነዘዘ ቤዝ ከሥሩ ይቀበራል፤ አድማጩ ጉምጉምታ እንጂ ዜማ አይሰማም። ጥርት ያለ ክር የእያንዳንዱን ኖታ አነሣሥ ከከበሮው ለይቶ ያወጣዋል፤ ዘፋኙም ቅኝቱን ይይዝበታል። አምፕሊፋየሩ ላይ ቀጭኑን ድምፅ በመጨመር ይህን ለማምጣት የሚሞክሩ አሉ። ክሩ ውስጥ የሌለ ድምፅ ግን ከየትም አይመጣም፤ የሚጨምረው ሹክሹክታው ብቻ ነው።

ሽፋኑ ከእንክብካቤ ነጻ አያወጣም። እጄን በሳሙና ታጥቤ በደንብ ሳላደርቅ ጊታር አላነሣም። ተጫውቼ ስጨርስ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ከክሩ ሥር አሾልኬ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጬ ከብሪጁ (ክሮቹ አካሉ ላይ ከሚያርፉበት ብረት) እስከ አንገቱ ጫፍ እስባለሁ። ጨርቁ ላይ የሚቀረው ጥቁር መስመር በአብዛኛው የሚመጣው ከክሩ የታችኛው ጎን ነው፤ ላይ ላዩን ብቻ የሚያብስ ሰው ዋናውን ቆሻሻ ትቶታል።

ክር መቀቀል የቆየ ዘዴ ነው፤ አልወደውም። ድምቀቱ ለጥቂት ቀናት ይመለሳል፣ ነገር ግን ውኃው ወደ ውስጠኛው ብረት ዘልቆ ዝገት ይጋብዛል፤ ክሩም በተፈታና በታሰረ ቁጥር የታጠፈበት ቦታ ይደክማል። አልኮል ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ከእሳት እስከራቀ ድረስ፣ በጣም ይሻላል። ሁለቱም ግን ሽፋን ለሌላቸው ክሮች ናቸው።

ናኖዌብ ሁሉንም አያስደስትም። ጣት ሥር ሙልጭ ይላል፤ ሻካራ ክር የለመደ እጅ ጊዜ ይፈልጋል። ዋጋውም ከተራው ክር በእጅጉ ይበልጣል። የታፈነና ወፈር ያለ ድምፅ የሚወድ ሰው ገንዘቡን ባያወጣ ይሻለዋል፤ ሞታውን በተባለው የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ የሚጫወተው ቤዚስት ጄምስ ጄመርሰን ልሙጥ ክሮቹን ካልተበጠሱ በቀር አይቀይርም ነበር። እኔ ግን ክር ከውጭ በሚመጣ ሰው እጅ እየጠበቅሁ ስለምኖር በየወሩ መቀየርን አላስበውም።

ፍሬቱ (አንገቱ ላይ በአግድም የተቀበረው ብረት) ክሩ ላይ የሚያወጣውን ጉድጓድ ምንም ሽፋን አይከላከለውም። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ የምታወጡት ድምፅ እዚያው ክሩን ሳትጫኑ በስሱ ነክታችሁ ከምታሰሙት ሃርሞኒክ ጋር አልስማማ ካለና ብሪጁን ማስተካከልም ካልረዳ፣ ያ ክር መቀየር አለበት። አዲሱን ስትገጥሙ ትርፉን ከመቁረጣችሁ በፊት ጫፉን እጠፉት፤ አለዚያ ጥምጥሙ ይላላል።