አሌክሳንድሪያ ያለው የሲኤንኤ ትምህርት ቤት፦ ሥራውን ያስተምራል፣ ቀጣዩን ግን አይነግርም

ሲኤንኤ (የነርስ ረዳትነት ሙያ) ስለተማርኩበት ትምህርት ቤት ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ስለጠየቀኝ ልጻፈው። ሲኤንኤ የተማርኩት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ በአንድ የሐበሻ ትምህርት ቤት ነው። ቅሬታም ስላለኝ ስሙን ትቼዋለሁ።

ትምህርቱ አሪፍ ነው። አስተማሪያችን ሲስተር ቀልድ አታውቅም። የልምምድ ክፍል ከገባን አማርኛ ክልክል ነው፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነዋ! እጅ መታጠብን ብቻ ስንቴ አስደገመችን። 20 ሰከንድ ማሸት፣ ጣት ወደ ታች፣ ቧንቧውን በደረቅ ወረቀት መዝጋት። እጅሽ ሲንኩን ከነካ እንደገና ከሀ ትጀምሪያለሽ። አንድ ቀን ደግሞ ራሷ ግራ እጇን ሽባ አድርጋ ዊልቸር ላይ ቁጭ አለችና "አልብሱኝ" አለች። ስታለብሺ ከማይሠራው እጅ፣ ስታወልቂ ከደህናው። ጓደኛዬ ገልብጣ ስትሞክር ሸሚዙ ሲስተር አንገት ላይ ተጠመጠመ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልተሳሳተም።

አዛውንቶቹን ማክበርንም በደንብ ታስተምራለች። ሳታንኳኪ አትገቢም። ምን ልትሠሪ እንደሆነ ሳትናገሪ ብርድ ልብስ አትገልጪም። ሁለት ሸሚዝ ይዘሽ የትኛውን እንደሚፈልጉ ትጠይቂያለሽ። አገር ቤት አያቴን ሳጥብ ማን ጠይቋት!

ወደ ቢሮው ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። "ነገ ክላስ የለም" የሚል ቴክስት ማታ ይመጣል። ሺፍት ለምነን የቀየርን ሰዎች መሆናችን ትዝ የሚላቸውም አይመስልም።

የባሰው ግን ስለ ገንዘቡ ምንም አለመናገራቸው ነው። ኮርሱን ጨርሳችሁ በ12 ወር ውስጥ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያንና የሕሙማን መንከባከቢያ) ከተቀጠራችሁ፣ የትምህርቱና የፈተናው ወጪ በሠራችሁበት ጊዜ ልክ ተመላሽ እንዲሆን የፌዴራል ሕግ ያዛል። ነርሲንግ ሆሙ ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) የሚቀበል መሆን አለበት። ከኮርሱ በፊት እዚያ ተቀጥራችሁ ወይም ቃል ተገብቶላችሁ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትከፍሉም። ይህን የሰማሁት ከሥራ ባልደረባዬ ነው፣ ፊሊፒናዊት ናት። ሐበሻው ለሐበሻ ቢነግር ምን ነበረበት?

ሲኤንኤውን ይዘው ኡበር ለሚነዱም አንድ ነገር ልበል። 24 ወር ተከታታይ በሙያው ተከፍሏችሁ ካልሠራችሁ እንደገና መማር ወይም መፈተን ይመጣል። ወደ ነርስነት (ኤልፒኤን ወይም ከፍ ወዳለው አርኤን) መቀጠል ለሚፈልግም ቢሮው የሚያማክር ሰው የለውም። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ራሳችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ።

እመክረዋለሁ ወይ? እንግሊዝኛው ለሚያስፈራው ሰው፣ አዎ፣ ለሲስተር ሲባል። ግን መጀመሪያ ራሱ የሚያሠለጥን ነርሲንግ ሆም በሠፈራችሁ ካለ ጠይቁ። ካልተገኘና እዚህ ከተመዘገባችሁ፣ በከፈላችሁ ቁጥር ደረሰኝ ተቀበሉ። ካልጠየቃችሁ አይሰጧችሁም።