የግድግዳ ስጋጃ፦ በበጉ ቀለም ወይስ በተነከረ ክር?

ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የሱፍ ስጋጃ ልትሠሩ ስትነሡ መጀመሪያ የሚያከራክረው ክሩ ነው። የመንዝን በግ የሚያውቅ ሰው ግማሹን መልስ ያውቀዋል፤ ነጩም፣ ጥቁሩም፣ ቡኒውም ጸጉር ራሱ ቀለም ነው። ባና የሚባለው ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስም የሚሠራው ከዚሁ ነው።

ወጪ፦ ያልተነከረው ይረክሳል። ታጥቦ፣ ተባዝቶ፣ ተፈትሎ አለቀ። የተነከረው ላይ ቀለም፣ ኮምጣጤና ማገዶ ይጨመራል።

ሥጋት፦ እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ሱፍ ከትኩስ ውኃ በድንገት ወደ ቀዝቃዛ ከገባ ወይም ከታሸ ተያይዞ ይጠጥራል። እኔ አንድ ድስት ሙሉ ክር እንዲህ አበላሽቻለሁ። ደግሞም በዚህ ሥራ ማጉ (አግድም የሚገባው ክር) ድሩን (ተወጥሮ የሚቆመውን ክር) ሙሉ በሙሉ ስለሚሸፍነው ሥዕሉ የሚወጣው በማጉ ነው። ክሩ መሃል ላይ ካለቀ ያንኑ ቀለም መድገም ከባድ ነው። ትርፍ ጨምራችሁ በአንዴ ንከሩ። ብል እንደሆነ ለሁለቱም አይመለስም።

ለጀማሪ፣ መስመርና ቀላል ቅርጽ ለሚበቃው፣ የበጉ ቀለም ይሻላል። አበባና ወፍ ያማረው ግን መንከሩ አይቀርለትም። ግድግዳው ፀሐይ የሚመታው ከሆነ ርካሽ ቀለም አትግዙ፤ ይለቃል።