ባይኖኩላር የምትገዙ ወገኖች፣ ካርቶኑ ሳይከፈት ብር እንዳታወጡ

ወፍ የምታዩ፣ እንግዳ ይዛችሁ ወደ ጫካና ወደ ሐይቅ የምትወጡ፣ ለፓርክ ጥበቃ ሥራ ባይኖኩላር፣ ሩቁን የሚያቀርበውን መነጽር፣ የምትፈልጉ ሁሉ ይህን አንብቡ፤ ለምታውቁትም ላኩ። ንዴቱ ሳይበርድልኝ ነው የምጽፈው። ሁለት ባይኖኩላር፣ አንዱ በ38 ሺህ ብር ተሸጠልን። ሁለቱም የማይረቡ ናቸው።

የሱቁን ስም አልጠራም፤ ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። ካሜራ፣ ትራይፖድ፣ የስፖርት ሰዓትና የጥበቃ ካሜራ በአንድ መስታወት ውስጥ ደርድሮ፣ ቴሌግራም ላይ «ኦርጅናል ብቻ» እያለ የሚለጥፍ፣ ዋጋ ሲጠየቅ «በውስጥ መስመር» የሚል። አካሄዱም ያው የምታውቁት ነው፦ «ጋሼ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው፤ በሚቀጥለው ጭነት ይጨምራል፤ ዶላሩን ያዩታል አይደል?»

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉልኝ። ለማሳያ የተቀመጠው ባይኖኩላር እውነተኛ ነበር። በሩ ላይ ወጥተን እንድናይበት ራሱ ሻጩ ነው ያቀበለን። ማዶ ካለው ሕንፃ ማስታወቂያ ላይ የስልክ ቁጥሩ ይነበባል፤ የመብራት ሽቦው ከመሃል እስከ ዳር ድረስ ጥርት ብሎ ይታያል፤ የፎከሱ መዘውር ለስላሳ ነው፣ ክፍተት የለውም። 8 በ42 ነው፤ 8 ጊዜ ያቀርባል፣ የፊት ሌንሱ 42 ሚሊሜትር ነው፤ በጥሩ ሁኔታ የተሠራ። እሺ ስንል ሻጩ ከእጃችን ቀበል አደረገና «ይሄ ማሳያ ነው፣ ስንት እጅ ነክቶታል፣ አዲሱን ላውጣልዎት» ብሎ ከመጋረጃው ጀርባ ገባ። በፕላስቲክ የታሸጉ ሁለት ካርቶኖች ይዞ ወጣ። አንዱን ለመክፈት እጅ ሲሰነዘር መዳፉን ካርቶኑ ላይ ጫን አድርጎ «ፕላስቲኩ ከተቀደደ ዋስትናው ይሰረዛል፤ ቤትዎ ይክፈቱት» አለ። ነገሩ ያለቀው እዚህች አረፍተ ነገር ላይ ነው። ዋስትና የሚባለው ነገር ደግሞ በወረቀትም በቃልም ከዚያ ወዲያ አልተነሳም።

ብሩ ገባ፤ ካርቶኑ እዚያው የሱቁ ደረጃ ላይ ተከፈተ። ከውጭ ሲታይ ልዩነት የለውም። ያው ጥቁር ጎማ፣ ያው አርማ፣ ያው 8 በ42 የሚል ጽሑፍ። ወደዚያው ማስታወቂያ ሲዞር ግን ቁጥሩ አይነበብም፤ ሽቦው አንድ የነበረው ሁለት ሆኗል።

ወዲያው ተመልሰን ገባን። «ጋሼ» ሲል የነበረው ሰው ቀና ብሎም አላየን። ስልኩን እየነካካ «ያው እሱ ነው» አለ። ማሳያውን አውጡትና ጎን ለጎን እንያቸው ብንል «ተሽጧል» አለን። ማንጠልጠያው ከባንኮኒው ሥር ካለው መሳቢያ ወጥቶ ተንጠልጥሎ እየታየ! በጣት ስናሳየው ማንጠልጠያውን በእግሩ ገፋ አድርጎ መሳቢያውን ዘጋው። ጎኑ ያለው ልጅ ሳቀ፤ «ለወፍ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ? ወፍ በባዶ ዓይን አይታይም?» የሱቁ ኃላፊ ነኝ ያለው ደግሞ ከመቀመጫው ሳይነሳ ግድግዳውን አመለከተን፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ማንበብ ትችላለህ አይደል፣ ሰውዬ?»

ወፍ በባዶ ዓይን ይታያል። ሐዋሳ አሞራ ገደል ሄዶ የዓሣ ትርፍራፊ የሚጠብቀውን አባ ኮዳ ለማየት ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ባሌ ሳነቴ ላይ ሣሩ ውስጥ የተቀመጠች ኪዊት የምትባለውን ወፍ ደረቷ ላይ ያለውን ነጠብጣብ ለይቶ ለእንግዳ ማሳየት ግን ሌላ ሥራ ነው። እንጀራችን ነው።

አሁን ዕቃው ላይ ያገኘነውን ልንገራችሁ፤ የተሸጠላችሁን እቤታችሁ መርምሩት።

መጀመሪያ የሌንሱ ስፋት። 42 ማለት የፊት ሌንሱ በሚሊሜትር ያለው ስፋት ነው፤ በማስመሪያ ሲለካ ትክክል 42 ይመጣል። ተንኮሉ ያለው ውስጥ ነው። ከፊት ሌንሱ ኋላ ጥቁር የፕላስቲክ ቀለበት ተደርጎ ቀዳዳውን ያጠበዋል። በዓይን ብቻ አይታወቅም፤ በስልክ መብራት ይታወቃል። ፎከሱን ሩቅ ነገር ላይ አስተካክሉ፣ ጨለማ ክፍል ግቡ፣ የስልኩን መብራት በዓይን መመልከቻው በኩል አብሩና ከፊት ሌንሱ የሚወጣውን ክብ ብርሃን ነጭ ወረቀት ላይ ለኩት። 42 ወይም ለዚያ በጣም የቀረበ መሆን አለበት። የእኛው 25 ሚሊሜትር ነው የወጣው። ብርሃን የሚገባው በክቡ ሙሉ ገጽ ልክ ስለሆነ 25ን በ25፣ 42ን በ42 አባዙና አካፍሉት፤ የሚገባው ብርሃን ከተገዛበት ሲሶ ያህሉ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ብታዩበት ላይታወቃችሁ ይችላል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መናገሻ ጫካ ውስጥ፣ ወፉ ሁሉ በሚንጫጫበት ሰዓት፣ ቅጠሉም ወፉም አንድ ጥቁር ነገር ይሆናል።

ሁለተኛው ያለ መሣሪያ ይታያል። ባይኖኩላሩን ከዓይናችሁ በክንድ ርቀት ያዙትና ወደ ሰማይ አዙሩት። በእያንዳንዱ የዓይን መመልከቻ ላይ ትንሽ የብርሃን ክብ ታያላችሁ። ስፋቷ 42ን ለ8 ሲካፈል፣ ማለትም ከ5 ሚሊሜትር ጥቂት ትበልጣለች፤ ደግሞም ሙሉ ክብ መሆን አለባት። ጠርዟ የተቆረጠ ወይም ወደ አራት ማዕዘን የሚሄድ ከሆነ ውስጡ ያለው ፕሪዝም (ምስሉን ቀና አድርጎ የሚያሳየው የመስታወት ቁራጭ) ከሚገባው አንሷል ወይም መስታወቱ ርካሽ ነው። ካርቶኑ ላይ ባክ-4 ተብሎ ተጽፏል፤ ጥሩው የፕሪዝም መስታወት ማለት ነው። የተጻፈው ካርቶኑ ላይ ነው፤ መስታወቱ ውስጥ የለም።

ሽቦው ሁለት የሆነበትን ምክንያት ላብራራ፤ ከሁሉ የከፋው እሱ ነውና። ሁለቱ ቱቦዎች አንድ አቅጣጫ ማየት አለባቸው። ፕሪዝሙ በብረት መያዣ ካልታሰረና በሙጫ ብቻ ከተለጠፈ አንድ ውድቀት፣ አንድ የኮረኮንች መንገድ ይበቃዋል፤ ይንሸራተታል። የእኛዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡም የተስተካከሉ አይመስሉም። ልዩነቱ ትንሽ ሲሆን ደግሞ ይባስ ያታልላል፤ ዓይናችን ጎትቶ አንድ ያደርገዋልና ሱቅ ውስጥ ደህና መስሎ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራስ ምታት ያመጣል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ሩቅ ያለ አግድም መስመር፣ የጣሪያ ጠርዝ ወይም ሽቦ፣ አነጣጥሩና ባይኖኩላሩን ከዓይናችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ አርቁት። የግራውና የቀኙ መስመር እኩል ከፍታ ላይ ካልቆየ አትግዙ። ይሄንን እቤት ውስጥ በቢላዋና በጠመንጃ መፍቻ የሚያስተካክል የለም፤ እናስተካክላለን የሚሏችሁም ብሎኑን ፈትተው አቧራ ያስገቡበታል።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ፊቱ እንደ ሩቢ የሚያብረቀርቅ ቀይ ሌንስ «ፀሐይ ይከላከላል» ተብሎ ይሸጣል። የእኛው ቀይ አልነበረም፣ ግን አብሮ መነሳት ስላለበት ነው። ቀይ ብርሃኑን ወደ ውጭ ስለሚመልሰው ወደ ዓይናችሁ የሚገባው ምስል ሰማያዊና አረንጓዴ ያዘነበለ ነው። እንጦጦ ላይ የምናያትን ጥቁር ክንፍ ያላትን ትንሿን በቀቀን አስቡ፤ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው፣ ሴቷ አረንጓዴ ናት። በዚያ ሌንስ የወንዱ ግንባር ይደበዝዛል፤ ወንድና ሴት መለየቱም ይቀራል። ደህና ሌንስ የአምፖል ነጸብራቅ ሲያርፍበት ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ያሳያል። ነጭና ደማቅ ነጸብራቅ ካያችሁ ያ ገጽ ነጸብራቅ የሚቀንሰውን ቅብ ምንም አልተቀባም። የእኛዎቹ የፊተኛው ገጽ ብቻ አረንጓዴ ነው፤ ወደ ውስጥ ሲታይ ያለው ሁሉ ነጭ ነው። ለሱቅ መስኮት የተቀባ።

የመጨረሻዋ ማስረጃ በጣም ታናድዳለች። በሁለቱም ሆድ ላይ የመለያ ቁጥር ተቀርጿል። ያው አንድ ቁጥር! ሁለት የተለያዩ ካርቶኖች፣ ሁለት የተለያዩ ባይኖኩላሮች፣ አንድ የመለያ ቁጥር፣ መጨረሻው 417። ለመቀየር እንኳ አልተጨነቁም፤ ሁለት ገዝቶ ጎን ለጎን የሚያስተያይ ሰው ይመጣል ብለው አላሰቡማ።

ርካሹንም አልተውኩትም። መንገድ ላይና መስታወት ውስጥ የምታዩት 30 በ60 የሚባል ታጣፊ ትንሽ ባይኖኩላር አለ፤ ሥሩ «126 ሜትር በ1000 ሜትር» ይላል። ጽሑፉ ራሱ ይመሰክርበታል። በ1000 ሜትር ርቀት ላይ 126 ሜትር ስፋት ማየት ማለት 7 ዲግሪ ከምናምን ማዕዘን ነው። በእርግጥ 30 ጊዜ የሚያቀርብ ቢሆን ይህ ማዕዘን በ30 ተባዝቶ ከ210 ዲግሪ በላይ ይሆናል፤ ትከሻችሁን አልፋችሁ ጀርባችሁን ታያላችሁ ማለት ነው። ቁጥሩ የሚገጥመው 8 ጊዜ ለሚያቀርብ ዕቃ ነው። 60 የተባለውም ሌንስ በማስመሪያ ሲለካ ግማሹን አይሞላም። «ቀንና ሌሊት» የሚለውን እርሱት፤ በጨለማ የሚያሳይ መሣሪያ ባትሪና ኤሌክትሮኒክስ ይፈልጋል። ከ10 እስከ 30 የሚጎተት ዙምም ለወፍ አትግዙ፦ ሁለቱ ቱቦዎች እኩል አይጎተቱም፣ 30 ላይ ደግሞ እጅ አይረጋም። 10 እንኳ ከባድ ነው፤ ለጫካ 8 ይበልጣል፣ ሐይቅ ዳር ለሚቆም 10 ይሁን።

ለምን ይደፍሩናል ብትሉ፣ ደህናው ገበያ ላይ ብዙ ስለሌለ ነው። ባይኖኩላር ይዞ የሚገባ መንገደኛ ቦሌ ላይ ሊጠየቅ፣ ዕቃውም ሊያዝ እንደሚችል አስጎብኚ ሁሉ ያውቃል። ከውጭ ዘመድ የምታስመጡ ካላችሁ ፈቃዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ኤርፖርት ላይ ማስረዳት አይሠራም።

እንግዲህ ምክር ከተባለ አጭር ነው። የምትወስዱትን ዕቃ ራሱን፣ ከካርቶኑ አስወጥታችሁ፣ ከሱቁ በር ላይ ሩቅ ነገር እያያችሁ ሳትፈትኑ አትክፈሉ። አይከፈትም ካሏችሁ ውጡ። ማሳያውን ራሱን ሽጡልኝ ማለትም ይቻላል፤ የተነካካ ነው ብለው ዋጋ ከቀነሱ ትርፉ የእናንተ ነው። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ የዓይን መመልከቻውን ጎማ አጥፋችሁ ሙሉው ክብ የሚታያችሁ መሆኑን እዩ። ውኃ የማያስገባ ነው የሚሏችሁን ሱቅ ውስጥ መፈተን አይቻልም፤ ከሳነቴ ብርድ ወደ ሐረና ጫካ ሙቀት ስትወርዱ ይታወቃል። የውጩ ጉም በጨርቅ ይጠረጋል፤ ውስጥ የገባው ግን አይጠረግም።

ደረሰኙን ደግሞ እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። የእኛው ላይ የተጻፈው «መነጽር 2» ብቻ ነው፤ ሞዴል የለም፣ የመለያ ቁጥር የለም፣ የገንዘቡም ልክ ከከፈልነው ያነሰ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለ ዕቃ ጥራት ሸማቹን ማሳሳትን ይከለክላል፤ አቤቱታ ስታቀርቡ ግን ምን እንደተሸጠላችሁ የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋል። የባንክ ማስተላለፊያውን አትመናል፣ ካርቶኖቹም ከነተቀደደው ፕላስቲክ አሉ፤ ሰኞ ወደ ክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት እንሄዳለን። እናንተም ጋ ያለው ባይኖኩላር የመለያ ቁጥሩ በ417 የሚያልቅ ከሆነ ሆዱን ፎቶ አንሱና ላኩልኝ፤ ሦስተኛ ማስረጃ ይሆነናል።