«ሰጠሁት»ን የፈታልኝ የማታ ክፍል

ፒያሳ አንድ አነስተኛ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ሪሴፕሽን ላይ እሠራለሁ። ፈረቃ ስንቀያየር የምንጽፍበት መዝገብ አለ። የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ማን ምን ሰጠኝ፣ የት አስቀመጥኩት፣ ለማን መለስኩት። ስድስት ዓመት ጽፌበታለሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ እንግዳ ሻንጣውን አደራ ብሎን ወጣ። ማታ ሲመለስ ሰጠሁት። መዝገቡ ላይ «አይ ጌቭ ኢት ፎር ሂም» ብዬ ጻፍኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ውጭ አገር ብዙ ዓመት የኖሩት ሥራ አስኪያጃችን ጠዋት ሲያነቡት፣ በእሱ ፈንታ ለሌላ ሰው ያስረከብኩ መሰላቸው። ሌሊቱን ሠርቼ ገና ጋደም እንዳልኩ ስልኬ ጮኸ። «ቱ» ማለት ሲገባኝ «ፎር» ብዬ ነው ይሄ ሁሉ። በዚያው ሳምንት አራት ኪሎ ሄጄ ለማታ የእንግሊዝኛ ትምህርት ተመዘገብኩ።

ክፍሉ ከአደባባዩ ብዙ አይርቅም። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከ12 ሰዓት እስከ 1፡30 ማታ። ለሁለት ወር 2,400 ብር ከፈልኩ። ስሙን ለሚጠይቀኝ ሰው እነግራለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ቲቸር ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ብቻ ጻፉ፦ «አየሁት»። «ስንት ሰው አለ እዚህ ውስጥ?» አሉን። ዝም አልን። ከዚያ ቃሉን በጣታቸው እየሸፈኑ አሳዩን። «አየ» ድርጊቱ ነው፣ «ሁ» እኔ ነኝ፣ «ት» እሱ ነው። እኛ አንድ ቃል ውስጥ የምናጭቀውን እንግሊዝኛ ለየብቻ ያቆመዋል፦ «አይ ሶ ሂም»። ግሱ መሃል ነው። እኛ መጨረሻ ላይ ነው የምናስቀምጠው። በዚያ ላይ የእኛ «ት» ለሰውም ለሻንጣም ያገለግላል። እንግሊዝኛው ለሰውየው «ሂም»፣ ለሻንጣው «ኢት» ይላል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቴን ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው የተማርኩት። ይህን በአማርኛ ቃል ከፍቶ ያሳየኝ ግን አልነበረም።

ሁለት ሳምንት ሙሉ በቃል ብቻ ሠራን። ቲቸር አማርኛውን ይጥሉልናል፣ እኛ እንፈታዋለን። እውነቱን ለመናገር ከገንዘቡ በላይ ያገኘሁት እዚህ ጋ ነው። «ነገርኩት» ሲሉን «አይ ቶልድ ሂም»፣ መሃል ምንም አይገባም። «ደወልኩለት» ሲሉን ደግሞ ሁላችንም «ለ» አለበት ብለን «ቱ ሂም» አልን። የለም፣ «አይ ኮልድ ሂም» ነው። «አስረዳሁት» ላይ በተቃራኒው ነው። በአማርኛው «ለ» የለም፣ እንግሊዝኛው ግን «ቱ ሂም» ይፈልጋል። «ከፈትኩለት» ላይ «ፎር ሂም» ትክክል ነው፤ በሩን እሱ እንዲገባ ብዬ ነዋ የከፈትኩት። የእኔ ሻንጣ ነገር ያኔ ፍንትው ብሎ ታየኝ።

አጠገቤ ይቀመጡ የነበሩት ጋሼ የቱሪስት መኪና የሚነዱ ናቸው። «ዲድ ኖት» ካሉ በኋላ «ሶ» ማለት አልተውም ብሏቸው ነበር። «አላየሁትም» በተባለ ቁጥር «ዲድ ኖት ሶ ሂም» ይላሉ። ቲቸር አልተቆጡም። «ጋሼ፣ ያለፈውን ጊዜ ‹ዲድ› ተሸክሞታል፤ ግሱን ያሳርፉት» አሏቸው። ከዚያ ቀን በኋላ «ሲ» ብለው ያስተካክላሉ። ሲሳሳቱም ራሳቸው ቀድመው ይሰሙታል።

መስኮቱ ጋ ቆም ካሉ የድል ሐውልቱ ይታያል። አንድ ማታ ቲቸር በእሱ አሠሩን። ንጉሡ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ወደ አዲስ አበባ ገቡ። በፈረንጆቹ ሜይ 5 ቀን 1941 ነው። «ኢንተርድ» ካልን «ወደ» ይወድቃል፤ «ኢንተርድ አዲስ አበባ» ብቻ። «ካም» ካልን ግን «ቱ» የግድ ነው። ቀኑ ላይ «ኦን»፣ ዓመቱ ብቻውን ሲሆን «ኢን»። እስካሁን አልረሳሁትም፣ ምክንያቱም በየቀኑ በዚያ አልፋለሁ።

ቅሬታዬም እዚሁ ላይ ነው። ለመስተዋድድ የሰጡት አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ይሄ በጣም ያንሳል። የእኛ «በ» አንድ ፊደል ናት። በሰኞ «ኦን»፣ በመስከረም «ኢን»፣ በታክሲ «ባይ»፣ በእስክርቢቶ «ዊዝ»፣ በ2 ሰዓት ደግሞ «አት»። ያውም ሰዓቱን ወደ 8 ቀይሮ። አምስት በር ያላት ፊደል በሦስት ማታ አትዳረስም። መሥሪያ ቤት የሚጽፍ ሰው የሚሳሳተው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ያልተለመዱ ግሶችን በቃል ለመሸምደድ ከወሰድነው ጊዜ ላይ ተቀንሶ ለዚህ ቢሰጥ ደስ ይለኛል። ግሱን ቤቴ ተቀምጬ ማጥናት እችላለሁ።

ሌላው፣ ጽሑፍ የጀመርነው በሁለተኛው ወር ነው። ዘግይቷል። የመንገዱ ጩኸት ደግሞ ኋላ የተቀመጠ ሰው መጨረሻዋን ድምፅ እንዳይሰማ ያደርገዋል። ያለፈ ጊዜ እኮ ብዙ ጊዜ ያለው እዚያች መጨረሻ ላይ ነው። «ወርክ» እና «ወርክት» ከኋላ ወንበር አንድ ናቸው። መብራት የጠፋባቸው ሁለት ቀናት በሻማ ሠርተናል፤ ያም ቢሆን ሰዓታችን አልተቆረጠም።

ባለፈው ሐሙስ ማታ አንዲት እንግዳ ፓስፖርቷን ሰጠችኝ። እንዲህ ጻፍኩ፦ «ሺ ጌቭ ኢት ቱ ሚ አት 9። አይ ፑት ኢት ኢን ዘ ሴፍ።» ጠዋት ማንም አልደወለልኝም። እስከ 6 ሰዓት ተኛሁ።

ለሁለተኛው ዙር ተመዝግቤያለሁ። የምትመጡ ካላችሁ ሩብ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱና ፊት ወንበር ያዙ።