ፎም የሪሞት አውሮፕላን፦ አካሏ አሪፍ፣ ማጠፊያዋ ግን ድርቅ ያለ

የደሴ ልጆች ይቺን አውሮፕላን ካገኛችኋት ግዟት፣ ቀላል ናት ብትወድቅም ቶሎ አትሰበርም፣ ግን ከካርቶን እንደወጣች እንዳታስነሷት። የኤሌቬተሩ (ጭራዋ ላይ አፍንጫዋን ወደላይ ወደታች የሚያደርገው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ማጠፊያ ፎሙ ራሱ ሳስቶ የተሰራ ስለሆነ ድርቅ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ሰርቮው (የሚያንቀሳቅሰው ትንሹ ሞተር) እየታገለ ዝዝዝ ይላል፣ የሪሞቱን ማንሻ ስትለቁትም ኤሌቬተሩ መሀል ላይ አይመለስም፣ ለዚህ ዋጋ በጣም ያናድዳል! መጀመሪያ የሚገፋውን ሽቦ ነቅላችሁ በእጅ አንቀሳቅሱት፣ እንቢ ካለ ችግሩ ማጠፊያው ነው፣ ቀስ እያላችሁ ወደላይ ወደታች ደጋግማችሁ አለስልሱት። በእጅ እሺ ካለ ግን ሰርቮውን ወይ ሽቦው የሚያልፍበትን ቱቦ እዩ። ለመጠገን ሱፐር ግሉ አታንጠባጥቡበት፣ ነጩን ተራ ፎም ይበላዋል። ለመጀመሪያ በረራ ደግሞ ኮምቦልቻ ውረዱ፣ ደሴ ከፍታ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ለመነሳት ይከብዳታል፣ ብቻ ከኤርፖርቱ በደንብ ራቁ።