8×42 ባይኖኩላር፦ ለተፈጥሮ አስጎብኚ የሥራ መሣሪያነቱ ሲመዘን

ሰዎችን ይዞ ጫካና ረግረግ እየዞረ ስለ ወፎች፣ ስለ እንስሳትና ስለ ዕፅዋት ማስረዳትን መተዳደሪያው ያደረገ ባለሙያ ባይኖኩላር ሊገዛ ሲሄድ፣ ሻጩ አስቀድሞ የሚነግረው ስለ ማጉላት ኃይሉ ነው። ለዚህ ሥራ ግን ዋናው መመዘኛ እርሱ አይደለም። አስጎብኚ የሚፈልገው ወፏን ከሌሎች ቀድሞ ማግኘትና ሳትበር ለእንግዳው ማሳየት ስለሆነ፣ ፍጥነትና ለሌላ ሰው ዓይን መመቸት ይቀድማሉ፤ በዚህ ሚዛን 8×42 ከሞከርኳቸው መጠኖች ሁሉ ይሻላል።

የመጀመሪያው ቁጥር 8 እጥፍ እንደሚያጎላ፣ ሁለተኛው የፊተኛው ሌንስ ስፋት 42 ሚሊሜትር መሆኑን ያመለክታል። 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ይህም ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። በ10×42 ወደ 4.2 ይወርዳል። እኩለ ቀን ላይ ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም፤ ወፎች በብዛት የሚንቀሳቀሱት ግን ማለዳ ስለሆነ፣ ጎሕ ሲቀድ ቅጠል ሥር የተደበቀችን ወፍ የደረት ቀለም ለመለየት ልዩነቱ ዋጋ አለው። ከዚህም በላይ፣ 10 እጥፍ የሚያጎላው የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ስለሚያጎላና በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ስፋት አብዛኛውን ጊዜ ጠበብ ስለሚል፣ ዳገት ወጥቶ ትንፋሹ ያልተመለሰ እንግዳ ወፏን ሲፈልግ ትበርበታለች።

የመሣሪያው ትክክለኛ ፈተና ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነው። መነጽር ያደረገ እንግዳ «ዙሪያው ጠቆረብኝ» ካለ፣ የዓይን ማሳረፊያውን ጎማ ጠምዝዞ ዝቅ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ለዚህ ሲባል ሲገዛ ዓይን ከሌንሱ 16 ሚሊሜትር ያህል ርቆም ሙሉውን ምስል የሚያሳይ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። በእኔው ባይኖኩላር ላይ ያገኘሁት ጉድለት የሁለቱን ዓይኖች ልዩነት የሚያስተካክለው ቀለበት መቆለፊያ የሌለው መሆኑ ነው፤ እንግዳ በነካካው ቁጥር ምስሉ ስለሚደበዝዝብኝ፣ ቦታውን በቀለም ነጥብ ምልክት አድርጌበታለሁ። አምራቹ በጥቂት ወጪ ሊያስቀረው ይችል ነበር።

እስከ 2 ሜትር ድረስ የቀረበን ነገር አጥርቶ ማሳየቱ ወፍ በማይገኝበት ሰዓት ሥራ ያድናል፤ ቢራቢሮ አበባ ላይ ስታርፍ የምላሷ መጠቅለልና መዘርጋት ሳይቀር ይታያል። ውስጡ በናይትሮጅን የተሞላ በመሆኑም ከብርድ ወደ ሙቀት ሲገባ ሌንሱ ከውስጥ በእንፋሎት አይሸፈንም።

ክብደቱ 700 ግራም ገደማ ስለሆነ በአንገት ማሰሪያ ቀኑን ሙሉ መሸከም ያደክማል፤ ትከሻ ላይ የሚያርፍ ማሰሪያ አብሮ መግዛት ይመከራል። ከሐይቅ ማዶ ያሉ የውኃ ወፎችን ለመለየት ግን አቅሙ አይፈቅድም፤ አብዛኛው ሥራው በሐይቅ ዳር የሆነ አስጎብኚ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ቴሌስኮፕ ያስፈልገዋል።